የኮንሰርት አጥቢያ አርበኞች

በእኛ ከተማ ሰው ከመደበኛ ሥራው ውጭ የሚወደው ነገር ካለው፣ ያ ነገር ኳስ ማየት ቢሆን ይሻለዋል። ቅዳሜና እሑድን በእንግሊዝ ክለቦች የሚጨርስ ጎልማሳ «ምን ታገኝበታለህ?» ተብሎ አይጠየቅም። ጎል ሲገባ ጮሆ ድምፁ ቢዘጋ እንኳ ሰኞ ጠዋት ባልደረቦቹ የዝንጅብል ሻይ ያዙለታል። ያው ጎልማሳ «ማታ ማታ ሙዚቃ እጽፋለሁ» ያለ ዕለት ግን ዘመድ ይሰበሰባል።

የዛሬው ባለታሪካችን የሒሳብ ባለሙያ ነው። ቀን ቀን የመሥሪያ ቤቱን ገቢና ወጪ ያስታርቃል። ሰኔ 30 በቀረበ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፤ ሐምሌ ሲገባ መልኩ ይመለሳል። ማታ እራቱን በልቶ ኮምፒውተሩን ይከፍትና ኖታ ይደረድራል። ሙዝስኮር የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ የጻፉለትን መልሶ ያሰማል፤ ቫዮሊኑንም ቼሎውንም አንድ ጉንፋን እንደያዛቸው አድርጎ። መብራት ሲጠፋ በወረቀት ይቀጥላል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም። ኖታ የተማረው ከሰው፣ ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት ለቃቅሞ ነው።

ነገሩ በታወቀ ጊዜ እናቱ «ልጄ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ እኮ ዳዊት ይደገማል» አሉ። አክስቱ «ሚስት ሲያገባ ይተወዋል» ብለው ቀጠሮ ያዙለት። እኛ ጓደኞቹ ደግሞ ዘመናዊ ስለሆንን ሥራውን እንስማው አልን። አሰማን። እስኪያልቅ ጠበቅን፤ ማለትም አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀን «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለን ጠየቅን። ዘፋኝ የለውም አለን። ግጥምም የለውም። አዘንንለት። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ግጥም የሚጽፍ ልጅ አውቃለሁ፤ በዋጋው እንነጋገራለን» ሲለው፣ ሌላው ከበሮ ቢገባበት ለጭፈራ ሊሆን እንደሚችል አስረዳው። ሦስተኛው ምንም ምክር ስላልነበረው «በርታ» አለ። «በርታ» ማለት በእኛ ቋንቋ ወሬ እንቀይር ማለት ነው። የሁላችንም ምክር ቢጨመቅ የሚወጣው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ነገር ምን ያበላሃል?

እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነበር። የአገራችን ዜማ በአንድ መስመር የሚጓዝ ነው። ዘፋኙም፣ ማሲንቆውም፣ ክራሩም ያንኑ አንድ ዜማ ይዘው፣ እያንዳንዱ በራሱ ወግ እያስጌጠ ይሄዳል። ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን አራቱንም አንድ ነገር ሊያስጫውት አልሰበሰባቸውም። ለእያንዳንዳቸው ሥራ መስጠት አለበት። የትዝታ ቅኝት የፈረንጅ ኮርድ ቢያለብሱት እንደምንም ይታገሳል። አንቺ ሆዬ አይታገስም። ከአምስቱ ድምፆቹ መካከል ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው የተጠጋጉ አሉ፤ ጠረኑ ያለው እዚያ ነው። ከሥሩ የተለመደውን ኮርድ ሲያነጥፉበት ያ ጠረን ይተንና የማንም አገር ዜማ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ቫዮሊኑ አንቺ ሆዬን ሲያዜም ቼሎው ምን ይሥራ? ዝም ይበል? ወይስ እንደ በገና አንዷን ሐረግ እየደጋገመ ከታች ያጉረምርም? የበጀት ጉድለት ያላሳጣውን እንቅልፍ ይህች ጥያቄ ክረምቱን ሙሉ አሳጣችው።

ጥያቄዋ አዲስ አይደለችም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ለኦርኬስትራ ሲጽፉ ከዚችው ጥያቄ ጋር ሳይፋጠጡ አልቀሩም። ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሊነግረን ሞክሮ ነበር። «ቼሎው...» ብሎ ሲጀምር «ቼሎ የትኛው ነው? ትልቁ ጊታር?» አልነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቼሎ አላነሳብንም።

የእንዲህ ያለ ሰው ጓደኛ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያስተምሩን የአሌክሳንደር ቦሮዲን ወዳጆች ናቸው። ቦሮዲን ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኝ የሕክምና አካዳሚ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር። ቀኑ በቤተ ሙከራና በተማሪ ያልቃል፤ ክረምት ላይ ሙዚቃ የሚጽፍበት ፋታ የሚያገኘው ታሞ ማስተማር ሲያቅተው ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ወዳጆቹ ጤና ይስጥልኝ ማለቱን ትተው፣ እንዲያመው እንደሚመኙለት ይነግሩት እንደነበር ራሱ በደብዳቤ እየቀለደ ጽፏል። «ልዑል ኢጎር» የተባለውን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1869 ጀምሮ፣ በ1887 ሲሞት ከ18 ዓመት በኋላም አልጨረሰውም። አጠናቅቀው ለመድረክ ያበቁት ሪምስኪ-ኮርሳኮቭና ግላዙኖቭ ናቸው። እኛስ? ወዳጃችን ጉንፋን ይዞት ቤት የዋለ ጊዜ፣ በመጨረሻ ቀን በሙሉ ሊጽፍ ነው ሲባል፣ ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥለን በቡድን ደረስንበት። ኮምፒውተሩን ዘግተን እስከ ምሽት ስናጫውተው ዋልን። ሲሸኘን ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ በሽታው ነው ብለን ተስማማን።

ከዕለታት አንድ ቀን ስሙ ፖስተር ላይ ወጣ። ከከተማችን የውጭ ባህል ማዕከላት በአንዱ አዳራሽ፣ ወጣት ተጫዋቾች የአገር ልጆች የጻፏቸውን አዳዲስ ሥራዎች ያቀርባሉ፤ ከእነዚያ አንዱ የእሱ ነው። ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ዋሽንት። ሦስት ክፍል። ሃያ ደቂቃ ያህል።

የድል አጥቢያ አርበኞች ከየጫካው የወጡት ያኔ ነው። ፖስተሩ በቴሌግራም ሲዞር ከሥሩ የሚጻፈው ሁሉ «እኔ እኮ ድሮም» ብሎ ይጀምራል። ግጥም ደራሲ ሊያገኝለት የነበረው ወዳጃችን «ከመጀመሪያዋ ኖታ ጀምሮ ያመንኩበት ልጅ» ሲል ጻፈ። ከበሮ ይግባበት ያለው «ብዙ ተወያይተንበታል» አለ። አክስቱ በልጅነቱ የወተት ጣሳ ይመታ እንደነበረ አስታወሱ፤ ቀጥለውም ነገሩ ከእናቱ ወገን የመጣ መሆኑን፣ ለዚህም በዘራቸው ውስጥ የነበሩ አንድ ደብተራ ምስክር መሆናቸውን ገለጹ። የአባቱ ወገን በበኩሉ ጥሩምባ ነፊ አቀረበ። የቅርብ አለቃው በሠራተኞች ስብሰባ ላይ መሥሪያ ቤቱ ላደረገለት ድጋፍ ምስጋና እንዲቀርብ ጠየቁ። ድጋፉ የዓመት ፈቃዱን ግማሽ ቀን ሳይከለክሉ መፍቀዳቸው ነው።

ኮንሰርቱ የሚጀምረው 12 ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። እኛ ክብሩን ለመግለጽ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሰልፍ ገባን፤ አበባ ይዘን፣ አክስቱ በሐበሻ ቀሚስ፣ አንዳችን ኬክ ተሸክመን። የሌላ ሰው ሥራ በመሐል እየተጫወተ ነበር። የእኛ ስላልሆነ እንደ ረባሽ አልቆጠርነውም። የፊት ረድፍ ይዘን ኬኩን ከወንበር ሥር አስቀመጥን።

የእሱ ተራ ደረሰ። ቅዱስ ያሬድ ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው፣ ጦራቸው የያሬድ እግር ላይ መተከሉን እንኳ አላወቁም፤ ያሬድም አልተሰማውም ይባላል። ባለዜማውም ሰሚውም ሌላ ዓለም ሄደው ነበር ማለት ነው። እኛ ዘንድ ጦር ቢተከል መጀመሪያ ፎቶ ይነሳ ነበር። የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ የፊት ረድፍ በሙሉ ስልኩን አነሳ፤ ከኋላ የተቀመጠው ታዳሚ ኮንሰርቱን በእኛ ስልኮች በኩል ተከታተለ። ዋሽንግተን ያለች እህቱ በቪዲዮ ተጠርታ ስለነበር፣ ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ወደ ዝምታ ሲወርዱ «አይታየኝም፣ ወደ ግራ አዙሪው! እሱ የት አለ?» የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው። እሱማ የለም። የሙዚቃ ደራሲ ሥራው ሲቀርብ መድረክ ላይ አይደለም፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። አክስቱ ይህን ሲሰሙ በግልጽ ቅር ተሰኙ፤ «ታዲያ እኛን ምን ሊያሳየን ነው የጠራን?»

የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። እኛ አጨበጨብን፤ አክስቱ እልል አሉ። ከመሐል ረድፍ «ሽሽሽ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከጭብጨባችን ይልቅ እሱ ይጮህ ነበር። ኮንሰርት ለምደናል የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ በክፍልና በክፍል መካከል አይጨበጨብም የሚለውን ሕግ ያውቃሉ፤ ሌሎች እንደማያውቁት ማሳወቅ ደግሞ የኮንሰርቱ ግማሽ ደስታቸው ነው። የሚያስቀው፣ ሕጉ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ ላይ ሲምፎኒው ሲቀርብ፣ ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ክፍል መሐል እንዳጨበጨበለት ለአባቱ በኩራት ጽፏል። ያን ምሽት ደስ ብሎት አይስክሬም በላ። ያኔ «ሽሽሽ» የሚለው ሰው ገና አልተወለደም ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ዋሽንተኛው በድንገት የያዘውን ዋሽንት ጭኑ ላይ አጋድሞ ከጎኑ ካለው ከረጢት ሌላ መዘዘ። አንዱ ዋሽንት በቁመቱ ልክ ከአንድ መነሻ ድምፅ ነው የሚጫወተው። መነሻው ሲቀየር ዋሽንቱም ይቀየራል፤ ስለዚህ ዋሽንተኛ ረጅምና አጭሩን ደርድሮ ይዞ ነው የሚዞረው። ወዳጃችን ይህችን ቅያሪ አስቦ፣ ለመቀያየሪያው ጊዜ እንዲበቃ ለቪዮላው ብቻዋን የምትሄድ ዜማ ጽፎለታል። እኛ ረድፍ ላይ ግን ሐዘን ወረደ። «ተበላሸበት!» አለ አንዱ። «ምነው አስቀድሞ ቢያየው!» አለ ሁለተኛው። ግጥም ደራሲ ፈላጊው «ቻይና ሠራሽ ነዋ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ዋሽንቱ ከየትኛው የአገራችን ሸንበቆ እንደተቆረጠ ዋሽንተኛው ቢሰማ ኖሮ ከመድረክ ወርዶ ያስረዳን ነበር።

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። ቫዮሊኑ አንቺ ሆዬን አነሳ፤ ቼሎውም ከሥር ያችን ክረምት ሙሉ የተፈለገች ሐረግ ይዞ ገባ። ይህን ጊዜ የእናቱ ታላቅ ወንድም፣ ከጎጃም ለጠበል መጥተው ወደ ኮንሰርት የተወሰዱት አጎቱ፣ ከወንበራቸው ተነሱ። ከጋቢያቸው ሥር ባለ 200 ብር ኖት አወጡ። ምራቅ አስነኩት። ወደ መድረኩ ደረጃ አመሩ፤ ዓይናቸው ቼሎ ተጫዋቿ ግንባር ላይ ነው። ከእኛ ረድፍ ሦስት ሰው ተነስቶ በጋቢያቸው ጫፍ ጎትቶ መለሳቸው። «ምነው ጋሼ፣ አዝማሪ ቤት መሰለዎት እንዴ?» አልናቸው። «እና ልጅቷ እንዲህ እየተጫወተች ዝም ልበላት?» አሉ። ተቀመጡ፤ ብሩን ግን እስከ መጨረሻው በእጃቸው እንደያዙ ነበር። አፍረንባቸው መሬት አየን። ሆኖም ልብ ላለው፣ በዚያ ረድፍ ሙዚቃውን ሰምቶ የተነሳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን የተነሳነው እሳቸውን ለማስቀመጥ ነው።

ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ወዳጃችን ወደ መድረክ ተጠራ። እናቱ አለቀሱ። እውነት ለመናገር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ደስታችን የውሸት አልነበረም። የደስታችን አድራሻ ነው የተሳሳተው። አቅፈነው ያልነውን ልቁጠር፦ «አዳራሹ ጢም ብሏል»፣ «ሱፉ ልክህ ነው»፣ «ሁለት አምባሳደር አይቻለሁ»፣ «ፖስተሩ ላይ ያለው ፎቶ ግን ያስረጅሃል»። ስለ ሙዚቃው የተባለችው አንዲት ዐረፍተ ነገር «ረዘም ብላለች እንጂ ቆንጆ ነች» የምትለው ነበረች። ከዚያ የማይቀረው መጣ፦ «ስንት ተከፈለህ?»

ምንም አለ። እንዲያውም የኖታውን ኮፒ ያስደረገው ከኪሱ ነው፤ የሒሳብ ሰው ነውና ደረሰኙን ይዟል። ዝምታ ሆነ። እንደ ተጭበረበረ ሰው አየነው።

እራት ክትፎ ቤት ነበር። ንግግር ያደረገው ወዳጃችን ያሬድን ጠራ፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣችውን ትልም ጠራ። ያቺ ትል በየምረቃው፣ በየምርቃቱና በየሱቅ መክፈቻው ስትወጣ ስንት ዘመኗ ነው! ቀጥሎ ምክር ተጀመረ። አንዱ ነገ መልቀቂያ አስገባ አለው። ሌላው የዩቲዩብ ቻናል ክፈት አለ። ሦስተኛው የእህቱን ሰርግ በዚያችው ዋሽንት እንዲያጅብላት፣ ግን ፈጠን አድርጎ፣ ጠየቀ። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ለሳሙና ማስታወቂያ የምትሆን ሠላሳ ሰከንድ ቢቆርጥላቸው ጥሩ ዋጋ እንደሚያስገኝለት ነገረው። አክስቱ የሙላቱ አስታጥቄን ስም አነሱ፦ «እሳቸውም ዌልስ የተላኩት ለምህንድስና ነበር እኮ! ቤተሰብ ባይደግፋቸው የት ይደርሱ ነበር?» ሙላቱ ምህንድስናውን ትተው ወደ ሙዚቃ መግባታቸው ለቤተሰብ ድጋፍ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ያን ቀን ሰማን።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቻርልስ አይቭስ ቢኖር ይስቅ ነበር። አሜሪካዊው አይቭስ ኒውዮርክ ውስጥ ከሸሪኩ ጋር ትልቅ የሕይወት ኢንሹራንስ ወኪል ድርጅት ይመራ ነበር፤ ሲምፎኒዎቹን የሚጽፈው ማታና በዕረፍት ቀኑ ነው። ሦስተኛው ሲምፎኒው ተጽፎ ካበቃ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ሽልማቱን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠረውም፤ ገንዘቡንም ለሌላ ሰጠ። ቦሮዲንም ቢሆን የዜማዎቹ ቅንብር «ኪስሜት» በተባለ የብሮድዌይ ትርዒት ውስጥ ገብቶ በ1954 የቶኒ ሽልማት ሲያሸልመው፣ ከሞተ 67 ዓመት ሆኖት ነበር። «ስንት ተከፈለህ?» የሚለው እንኳ አልነበረም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ታሪክ አለ። ዓለም በሰፊው የሰማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የፒያኖ ሥራዎቻቸው በኢትዮፒክስ 21ኛ አልበም ሲወጡ ነው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ፣ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ፒያኖው ፊት ያስቀመጣቸውን ነገር በደመወዝ መዝገብ ላይ የሚያገኘው ኦዲተር የለም።

የእኛ ችግር ከኮንሰርቱ በፊት መናቃችን፣ ከኮንሰርቱ በኋላ ማክበራችን አይመስለኝም። ሁለቱም አንድ ናቸው። ያኔ «ምን ያበላሃል?» አልን፤ ዛሬ «ስንት ተከፈለህ?» አልን። ጊዜው ተቀየረ እንጂ ጠያቂውም ጥያቄውም ያው ነው። ወዳጃችንን ያከበርነው ፖስተር ላይ ስለወጣ ነው፤ ፖስተሩ ባይኖርና ያችው ሙዚቃ ሳሎኑ ውስጥ ብትቀር፣ አሁንም የዳዊት ምክር ላይ ነበርን። ለስኬት ማጨብጨብ እናውቅበታለን። ሰው ያለ ትርፍ የሚወደውን ነገር ቁጭ ብሎ ማየት ነው የሚያስጨንቀን፤ ቶሎ ብለን ወይ በሽታ ወይ ንግድ እናደርገዋለን።

እሱ ያን ማታ የፈለገው ነገር ትንሽ ነበር። ቼሎ ተጫዋቿ ልምምድ ላይ «ይህች ሐረግ ለጣት አትመችም፤ ግን እንዳትቀይራት» ብላው ነበር። ያቺን ሊነግረን ከመቀመጫው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ «ቼሎው እኮ...» ብሎ ጀመረ። አስተናጋጁ መጥቶ «ለብ ለብ ነው ጥሬ?» አለ። ክርክሩ ረጅም ነበር። ሲያልቅ ስለ ቼሎ ያነሳ የለም። ሒሳቡ ሲመጣ፣ የቀኑ ባለድል ነውና፣ ለእሱ ሰጠነው።

አሁን አዲስ ሥራ እየጻፈ መሆኑ ተሰምቷል። ስለዚህ እንደ አገሩ ወግ ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ሊቀመንበሩ ግጥም ደራሲ ፈላጊው ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል። አጀንዳ 1፦ ፎቶው ያለበት ቲሸርት እንዲታተም፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አጀንዳ 2፦ አጎቱ በሚቀጥለው ኮንሰርት በመጨረሻው ረድፍ፣ ከሁለት ጎልማሶች መካከል እንዲቀመጡ፤ ጸደቀ። አጀንዳ 3፦ አዲሱ ሥራ ስለ ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው ካለ ማብራሪያ እንዲሰጥ፤ ማንም እጁን ስላላወጣ ጉባኤው ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች አለፈ።